የጓሮ ስለት

ስለ ራሴ መናገር አልወድም። ነገር ግን ሰው ማን እንደሚያወራው ሳያውቅ ወሬ ቢሰማ ምን ይረባዋል? ስለዚህ ባጭሩ ልናገርና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

እኔ ትምህርት ቤት በር ላይ እንኳ ቆሜ አላውቅም። ሆኖም ሱዳን፣ ኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የተማረ ሰው ሲፈለግ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኔ ጎጆ ነበር። የአማርኛን ፊደል የለየሁት ጭልጋ እያለሁ፣ የቄስ ተማሪዎች ሲጮኹ በአጥር ቀዳዳ አዳምጬ ነው። እንግሊዝኛን የተማርኩት ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ወተት ዱቄት ከረጢት ተሸጋገርኩ። ከረጢቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል እንደ ሁለተኛ ደረጃ ይቆጠራል። ዐረብኛን ደግሞ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ስጣላ ተማርኩት። በፍቅር የተማረ ሰው ሰላምታ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ በጠብ የተማረ ግን ሙሉ ቋንቋ ይዞ ይወጣል።

መካኒክነትንም ማንም አላስተማረኝም። እሠራበት በነበረው የማሽላ እርሻ ትራክተር ሲቆም፣ ጆሮዬን ሞተሩ ላይ ለጥፌ በሽታውን የምናገረው እኔ ነበርኩ። የእርሻው ባለቤት ሐጂ «ያ ኡስታዝ!» ብለው ነበር የሚጠሩኝ። ኡስታዝ ማለት መምህር ማለት ነው። ይህን የምነግራችሁ ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ነገሩ እውነት ስለሆነ ነው።

ታዲያ በእነዚያ የደርግ ዓመታት፣ እንደኔው ከጎንደር በኩል አገሩን ጥሎ የወጣው ሰው በጎጆ ላይ ጎጆ ተደራርቦ ሲኖር፣ መጠለያው ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ኸዋጃ ሐኪም ነበረች። ሱዳኖች ፈረንጅን ኸዋጃ ነው የሚሉት። አስተርጓሚዋ ወባ ይዞት ቀረና ለአንድ ቀን እኔን ጠራችኝ። ልጁ ድኖ ሲመለስ ቦታውን አላገኘውም። እርሷ አንዲት ዐረፍተ ነገር ስትናገር እኔ ሙሉ ስብከት አደርገው ነበር፤ በሽተኛውም ሁለት ጊዜ የታከመ ያህል ደስ ብሎት ይሄዳል።

አንድ ቀን ይህች ሐኪም ሴቶችን ሰብስባ፣ «ሰውነት እንደ ብረት ይዝጋል» አለች።

ጆሮዬን ቀጥ አደረግሁ። የትራክተር ሰው ለዝገት ባዳ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንተነፍሰው አየር ነፍስ ይሰጠናል፤ በዚያው ግን ቀስ እያለ ውስጣችንን ይበላል። ጭስ፣ በሽታ፣ እርጅና ደግሞ ያፋጥኑታል። አረንጓዴ ቅጠል፣ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ከርከዴ የመሳሰሉት በውስጣቸው ዝገቱን ወደ ራሳቸው የሚስቡ ነገሮች አሏቸው። እነርሱ እየዛጉ አካላችን ይተርፋል። ዛሬ በሬዲዮ ሐኪሞቹ «አንቲኦክሲዳንት» ሲሉት እሰማለሁ። እኔ ያን ጊዜውኑ «ጸረ ዝገት» ብዬ ሰይሜው ነበር፤ ስሙን ግን በእኔ ስም ማንም አላስመዘገበልኝም። ሐኪሟ መጨረሻ ላይ፣ «ይህ መድኃኒትን አይተካም፤ ቅጠል የበላ ሁሉ አይታመምም ማለት አይደለም» ብላለች። ይህችን የመጨረሻዋን ስተረጉም ትንሽ አሳጠርኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመጠለያው እንቅልፍ አልሰጠሁትም። የራሽን ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ «ወገኖቼ፣ ቀለም ያለው ብሉ! አባቶቻችን ‘ጎመን በጤና’ ሲሉ ሥጋ ላጣ ሰው ማጽናኛ ይመስለን ነበር። ለካ ሳይንስ ነው! የእርዳታ ዱቄት ነጭ ነው፤ ነጭ ነገር ከዝገት አያድንም!» እላለሁ።

«ኡስታዝ፣» አለኝ አንዱ ከኋላ፣ «ይኼ የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ ቀለም አነሰው? እሱን እንብላ?»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አዋቂ በአገሩ አይከበርም ይላሉ፤ እኔ በሰው አገርም አልተከበርኩም።

ይህን ሁሉ ሳስተምር የራሴ ቤት እየዛገ ነበር።

ባለቤቴ ማንጠግቦሽ ትባላለች። ስም አውጪው አልተሳሳተም። እርሷ ስትስቅ ጎረቤት ሥራውን ትቶ ያዳምጣል። ያን ክረምት ግን ሳቋ ቀነሰ። ከንፈሯን ገጥማ ትውላለች፤ ስትራመድ ጉልበቷን ትይዛለች፤ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ መንገድ ላይ ትቀመጣለች። አንድ ቀን አፏን ስትጉመጠመጥ የተፋችው ውሃ ቀይ ሆኖ አየሁ። እጇን ይዤ ክሊኒክ ወሰድኳት።

ሐኪሟ አፏን ከፍታ አየች። ድዷ አብጦ ወይን ጠጅ መስሏል፤ ሲነካ ይደማል። ሁለት ጥርሶቿ በጣት ሲገፉ ይወዛወዛሉ።

«ቅጠላ ቅጠልና ፍራፍሬ ትበላለች?» አለችኝ።

«እንዴታ! የእኔ ሚስት እኮ ናት» አልኳት፣ በዚያው በቆርቆሮ እንግሊዝኛዬ።

ማንጠግቦሽ ቀና አለች። «ምን አለችህ?»

«ቅጠል ትበላለች ወይ ነው የምትለው።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ትበላለች አልኳት።»

«ሐሰት አትንገራት። ፈረንጅ ብትሆንም ሰው ናት። አልበላም በላት።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ድንበሩን ከተሻገርን ወዲህ።»

ሐኪሟ አንዴ እኔን፣ አንዴ እርሷን እያየች «ምን አለች? ምን አለች?» ትላለች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተረጎም ነገር ጠፋኝ።

«ከአንድ ትሪ እየበላህ እንዴት አላየህም?» ትሉኝ ይሆናል። አይቻለሁ። ሰላጣው፣ ቃሪያው፣ ጎመኑ ሁልጊዜ በእኔ በኩል ሲከማች አይቻለሁ። ሚስቴ አክብራኝ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ ስለት ነው። ጭልጋን ለቀን የወጣን ዕለት ማንጠግቦሽ ዞራ ጓሮዋን አየችው። ጎመኑ ጉልበት ደርሷል፣ ሎሚው ቅርንጫፉን አጉብጧል፣ ቃሪያው እንደ ጆሮ ጌጥ ተንጠልጥሏል። ድንበሩን እንደተሻገርንም ፊቷን ወደ አገሯ መልሳ፣ «እመቤቴ ማርያም፣ ጓሮዬን መልሰሽ እስክታሳዪኝ ድረስ ከጓሮ የበቀለ ነገር በአፌ አይዞርም» ብላ ተሳለች። እኔ ያን ጊዜ ከፊት ከፊት እየሄድኩ መንገድ እመራ ነበር። መንገዱን አላውቀውም፤ ቢሆንም መምራት ልማዴ ነው።

«የቫይታሚን እንክብል አልቋል» አለች ሐኪሟ። «የሚያመጣው መኪና በጭቃ ተይዟል፤ መንገዱ እስኪደርቅ አይደርስም። እስከዚያ ትኩስ ቅጠልና ሎሚ ካልበላች ጥርሶቿ ይወልቃሉ። ከዚያም የባሰ ይመጣል።»

ተረጎምኩላት። ይህንን አላሳጠርኩም፣ አላስረዘምኩምም።

«እንክብል ቢኖር እውጥ ነበር፤ እንክብል ጓሮ አይበቅልም» አለች ማንጠግቦሽ። «ስለቴን ግን አልሰብርም።» ከክሊኒኩ ወጥተን ግማሽ መንገድ ስንደርስ፣ «ጥርሴ ከረገፈ ግን አገሬ የገባሁ ቀን በምን እስቃለሁ?» አለችኝ።

ይህን ስትል ትራክተር ቢሆን ፈትቼ እገጥመው ነበር አልኩ በልቤ። ሰው ግን ብሎኑ የት እንደሆነ አይታወቅም።

«መተማ ድረስ ወስጄ የአገር መሬት ባስረግጥሽስ?»

«መተማ ጓሮ አለኝ እንዴ?»

እዚህ ላይ እውቀቴ ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያ ከርከዴ አመጣሁ፤ ተዘፍዝፎ የሚጠጣ ቀይ አበባ ነው። «ከርከዴ እርሻ ላይ የሚዘራ ነው፤ ከጓሮ ምንም ዝምድና የለውም» ብዬ ተከራከርኩ። አሰበችና ጠጣች። ወደደችው፤ እኔም ጢሜን ማሻሸት ጀመርኩ። በማግስቱ ጎረቤታችን እትዬ ለተብርሃን ብቅ አለች። ትግርኛዋ ከአማርኛዋ የሚቀድም፣ ደግ ሴት ናት።

«ዋይ ማንጠግቦሽ፣ ጣፈጠሽ? ከጎጆዬ ጀርባ የተከልኩት እኮ ነው! ባለቤትሽ ለምኖኝ ነው የሰጠሁት።»

ማንጠግቦሽ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ከጎጆ ጀርባ ምን ይባላል?» አለችኝ።

መልሱን እያወቅሁ ዝም ያልኩበት ቀን ያ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የገበያ ከርከዴ ባመጣላትም «የማንም ጓሮ አለመሆኑን ማልልኝ» አለች። እንዴት ልማል?

ቀጥሎ ተበልዲ አመጣሁ፤ የዚያ ሆዱ የሰፋ ትልቅ ዛፍ ፍሬ ነው። ዱር ነው የሚበቅለው፤ ክርክር የለውም። ነጩን ዱቄት በውሃ በጥብጬ ሰጠኋት። መጠኑን ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ፤ ለራሴ የሚበቃኝን ነው የለካሁት። ሆዷ እንደ ዛገ ብሎን ቀጥ ብሎ አልፈታ አለ። እኔንም ለሳምንት ያህል አላናገረችኝም።

ሦስተኛው ሪጅላ ነው። ሪጅላ ክረምት ሲገባ በየማሽላው መሀል መሬት ላይ የምትተኛ፣ ወፍራም ቅጠል ያላት ነገር ናት። ሱዳኖች ሰላጣ ያደርጓታል፤ እኛ ጎንደሬዎች በመኮትኮቻ እየነቀልን የምንጥላት አረም ናት። እቅፍ ሙሉ ለቅሜ አመጣሁ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሪጅላ። ሜዳ ላይ ነው የበቀለ። ጓሮ አይደለም።»

«እኔ ይችን ከጓሮዬ ስነቅል ነው ወገቤ የጎበጠው! ከጓሮዬ የወጣ አይደለም ልትለኝ ነው? ደግሞስ አረም ልታበላኝ? ረሀብ ገባ እንዴ ቤታችን?»

ጠበቃ ብትሆን ኖሮ አንድም ሰው አይታሰርም ነበር።

እኔ ግን የምሸነፍ ሰው አይደለሁም። ቁጭ ብዬ የራሷን ሕግ መረመርኩ። በርበሬ ትበላለች። «በርበሬስ?» ብላት፣ «ደርቆ የተፈጨ ነገር ከጓሮ ወጥቷል፤ ከዱቄት ተቆጥሯል» አለች። ይኸው! በዝናቡ መሀል ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ጎመኑን፣ ሪጅላውን፣ የቲማቲም ቅጠል ሳይቀር (እርሱን እትዬ ለተብርሃን «መርዝ ነው» ብላ በጊዜ ጣለችው እንጂ) በትራክተሩ ተሳቢ ላይ እንደ በርበሬ አሰጣሁ። ደረቀ። አስፈጨሁት። ሽሮ ውስጥ ጨምራ እንድትሠራ ሰጠኋት።

ሕጓ ነውና ተቀበለች። ሽሮው የወታደር ልብስ መሰለ። ሲፈላ ያየው ሁሉ «ደርግ እዚህም ደረሰ?» ይላል። እኔ ግን ኮራሁ። ለጎረቤቱ በሙሉ በጣሳ አደልኩ፤ በእኛ ሰልፍ ያሉ ጎጆዎች ሁሉ ምላሳቸው አረንጓዴ ሆነ። ማንጠግቦሽም ጠዋትና ማታ ሳታጓድል በላች። ድዷ ግን መድማቱን አላቆመም። እንዲያውም ባሰበት፤ አንደኛው ጥርሷ ኪስራ የሚሉትን ስስ የማሽላ ቂጣ ስትነክስ ወለቀ። በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችው። «ቢያንስ እርሱ አገሩ ይቀበራል» አለች።

ዱቄቱን በጣሳ ይዤ ወደ ሐኪሟ ሮጥኩ። አሸተተችው፣ በጣቷ አሸችው።

«ፀሐይ ላይ አስጥተኸዋል?»

«በደንብ አድርጌ!»

«ከዚያ ይቀቀላል?»

«እስኪንተከተክ!»

«እንግዲያው የምትፈልገውን ፀሐይና እሳት ቀድመው በልተውታል» አለችኝ። «ሁሉም አልጠፋም፤ ድዷን የሚያድነው ግን ጠፍቷል። ትኩስ፣ ጥሬ መሆን አለበት።»

እዚህ ላይ ጸረ ዝገቱም ራሱ እንደሚዝግ ተረዳሁ። ይህንን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ቢነግረኝም ስተረጉም አሳጥሬው ይሆናል።

የቀረው መንገድ የንስሐ አባት ነው። መምሬ ወርቁ የሚባሉ ከእኛው በኩል የመጡ ቄስ፣ በባሱንዳ አቅጣጫ ባለ የሰሊጥ እርሻ ከሠራተኛው ጋር አረም እያረሙ እንደሚኖሩ ሰምቼ ነበር። ሎሪ በጭቃው አያልፍም። የሐጂን ትራክተር አስፈቅጄ ማንጠግቦሽን በተሳቢው ላይ በማዳበሪያ ከረጢት መሀል አስቀመጥኳት፤ ጥላዋን ዘርግታ እንደ ሙሽራ ተነሣን። ሙሽራ ግን አፏ አይደማም።

ጾመ ፍልሰታ ነበር። ስንደርስ መምሬ ወርቁ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ውስጥ ሰምጦ፣ መኮትኮቻ ይዘው አገኘናቸው። መስቀላቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አሳለሙን። ሠራተኞቹም አረሙን ትተው ተሰበሰቡ፤ የሰው ሚስጥር ከሰሊጥ ይጣፍጣል።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ኦክስጅን ስጀምር ግን እጃቸውን አነሡ። «እርሱን ለሐኪሟ ተወው። ስለቱን ንገረኝ።»

«ስለቱ እንዲነሣላት ነው አባቴ። በምትኩ ለቤተ ክርስቲያን ጥላ አገባለሁ።»

«ከጓሮ የበቀለ አልቀምስም ብላ የተሳለችላትን እመቤታችንን፣ ስለቱን በጥላ ለውጪው ልበላት?»

«ሻማም እጨምራለሁ።»

«አንተ ሰው ነጋዴ ነህ እንዴ?» አሉና ወደ ማንጠግቦሽ ዞሩ። «ልጄ፣ አፍሽን እስቲ አሳዪኝ።» አሳየቻቸው። ዓይናቸውን ወዲያው መለሱ። ቆይተው እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። «የአንተስ ጤና እንዴት ነው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ዝም ማለት አልተፈጠረልኝም። «እኔማ! እኔ ዝገት የማያውቀኝ ሰው ነኝ። ጥርሴ ብሎን ይፈታል። ከእንግዲህ ወዲያ ቅጠል ባልቀምስ እንኳ እስከዛሬ ያጠራቀምኩት እስከ ዕለተ ሞቴ ይበቃኛል!»

መምሬ ወርቁ ፈገግ አሉ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው ይላል መጽሐፉ። ከአንድ ሥጋ አንድ አፍ ከጾመ ይበቃል። እንግዲህ ስለቱን አንተ ተሸከምላት።»

ወዲያው አንዱ ሠራተኛ፣ «ኡስታዝ፣ እስቲ ይችን ተርጉማት!» አለ። ሰሊጡ እስኪረግፍ ሳቁ።

እኔ በዚያች ቅጽበት በዕድሜዬ የበላሁት ቃሪያ ሁሉ በዓይኔ ላይ ዞረ። ሰንጥቄ ሽንኩርት የሞላሁት፣ በጨው ነክሼ ያላብኩበት። ሎሚ የጨመቅሁበት ሁሉ።

«ተውት መምሬ፣ አይችለውም» አለች ማንጠግቦሽ። «ይኼ ሰው ያለ ቃሪያ እንጀራ አይቆርስም።»

«እኔ? እኔ አልችልም?»

«አትችልም። ደግሞም የእኔ ዕዳ ነው። ጓሮው የእኔ ነው።»

ይህን ስትናገር ከከንፈሯ ጥግ ደም ወረደ። በነጠላዋ ጫፍ ቶሎ ጠረገችው፤ እንዳላየሁ እንድሆንላት። ሰው ሲሳለቅብኝ መናደድ ልማዴ ነው፤ ያን ቀን ግን መናደዱ እንኳ አልመጣልኝም።

«ጎመኑን ማነው ያጠጣው?» አልኳት። «አጥሩንስ ማነው ያጠረው? የእኔም ጓሮ ነው።» ባርኔጣዬን አውልቄ በመምሬ ፊት ቃሉን እንደ እርሷ አድርጌ አልኩት፦ ጓሯችንን መልሰሽ እስክታሳዪን ድረስ ከጓሮ የበቀለ ነገር በአፌ አይዞርም። ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ትራክተሩን አላጠፋሁትም ነበር፤ ከእርሱ ይሆናል።

የጾሙ መፍቻ ሰዓት ሲደርስ ሠራተኞቹ ምሳቸውን አቀረቡ። በትልቅ የብረት ሳሕን ሪጅላው፣ ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ ተከታትፏል፤ የተፈጨ ኦቾሎኒ ተለውሶበት ሎሚ ተጨምቆበታል። መምሬ ባረኩት። ማንጠግቦሽ ትንሽ ቆንጥራ አፏ አደረሰችና ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ ወረደ።

«ምነው?» አሏት።

«ሎሚው ድዴን አቃጠለኝ።» ደግማ ጎረሰች። ደግማ። ሳሕኑ ሊያልቅ ሲል፣ «የእኛ ጓሮ ሎሚ ግን ከዚህ ይበልጥ ይኮመጥጣል» አለችና ወደ እኔ ዞራ፣ «አይደል?» አለችኝ።

እኔ ደረቅ ኪስራዬን በጨው እየበላሁ ነበር። «ይበልጣል» አልኩ።

መስከረም ሲጠባ የድዷ ደም ቆመ። መንገዱ ደርቆ እንክብሉ ሲመጣ ሐኪሟ አፏን አይታ እጄን ጨበጠችኝ፤ ለምን እንደሆነ እስከዛሬ አልነገረችኝም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። ዓመታት አለፉ፤ ደርግም ሄደ፤ መንገዱ ተከፈተ። እኛም በየዓመቱ «ከአዝመራው በኋላ እንገባለን» እንላለን። አዝመራ ያልፋል፤ ሌላ አዝመራ ይመጣል። ጉልበቷ መንገድ አልችል አለ፤ እኔም ያለ እርሷ ጓሮ ማየት ምን ያደርግልኛል?

ሌላ ሰው ቢጽፈው ስለሚያሳንሰው፣ የሠራሁትን ራሴ ልዘርዝረው፦

የአንዲትን ሴት ጥርስ፣ ከአንዱ በቀር፣ በየቦታው አቆይቻለሁ።

የዝገትን ምስጢር ለመጠለያው ሕዝብ በሦስት ቋንቋ አስተምሬያለሁ። በትግርኛ ያልኩትን እትዬ ለተብርሃን «አልገባኝም» ትላለች፤ ጥፋቱ የእርሷ ነው።

ሪጅላን ከአረምነት አንሥቼ ጎንደሬ ትሪ ላይ አስቀምጫለሁ።

አንድ ትራክተር በክረምት ጭቃ ባሱንዳ አድርሼ መልሻለሁ። ሲመለስ ያለ ፍሬን ነበር፤ ሐጂ አያውቁም።

በገዛ እጄ ያረስኩት የሐጂ እርሻ ዳር ከዚያ ወዲህ የተዘራውን ከርከዴ ብቻ እየጠጣሁ፣ ተበልዲም በልክ እየቀመስኩ፣ ያለ ቃሪያ፣ ያለ ሎሚ፣ ያለ ጎመን ሸምግያለሁ። ጥርሴ ዛሬም ብሎን ይፈታል፤ ትናንሾቹን።

ማንጠግቦሽ ከጎጆው ጀርባ ጓሮ ስታበጅ ቆፍሬያለሁ፣ ውሃ ተሸክሜያለሁ፣ ለቅሜ አቀብያለሁ።

ስትበላም ፊት ለፊቷ ተቀምጬ «እንደ እኛው ነው?» ብዬ መጠየቅን አንድም ቀን አላቋረጥኩም። እርሷም አኝካ፣ አጣጥማ፣ ራሷን ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች። አንድም ቀን «አዎ» ብላ አላስቀናችኝም።